ባሌስትራ ጨምረሃል፤ ፍሬንስ?

የፌስቡክ ወዳጆቼ፣ በተለይ ደግሞ ገለምሶ ላይ ያስተማርኳችሁ ልጆቼ፣ ጽሑፉ ረዘም ይላል። የቸኮላችሁ ርዕሱን ብቻ አንብባችሁ ለምታውቁት ሹፌር ላኩለት፤ ይበቃኛል።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ በኢንቦክስ ፎቶ ላከልኝ። ስሙን አልጠራም፣ እሱ ራሱን ያውቃል። "ቲቸር፣ መኪና ገዛሁ፤ ዱዓ አድርግልኝ" ይላል። ፎቶውን ከፈትኩት። የ1990ዎቹ ቶዮታ ሃይሉክስ፣ ፎር ዊል፣ 2.8 ሊትር ናፍጣ፣ ተርቦ የላትም። ከኋላዋ እንደሌሎቹ ፒክአፖች ባዶ አይደለችም፤ ቤት ተሠርቶላታል። ፈረንጆች ካምፐር የሚሉት ነው። ውስጡ ታጣፊ አልጋ፣ ትንሽ የውሃ ታንከር፣ መደርደሪያ አለው። ሁለት ሰው አድሮባት አገር እንዲዞር ታስባ የተሠራች መኪና ናት። ከአዲስ አበባ ነው ያመጣት። ወላሂ ደስ አለኝ። 9ኛ ክፍል እያለ ደብተር መግዣ የሌለው ልጅ ነበር።

ከዚያ ሁለተኛው መልእክት መጣ።

"ቲቸር፣ ቤቱን ቆርጬ ላወጣው ነው። ካሶኒውን ወደ ኋላ አንድ ሜትር ላስቀጥልና ከላይ ፖርቶመጋላ ላስበይድ። ባሌስትራ በየጎኑ ሦስት ሦስት ብጨምር ሁለት ቶን አትሸከምም? አንተ ፊዚክስ ታውቃለህ።"

"ኧረ ተው፣ አታድርገው" አልኩት። ሦስት የሳቅ ምልክት ላከና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "አቦ ቲቸር፣ አንተ እኮ ፊዚክስ እንጂ መኪና አታውቅም።"

በማግስቱ ያንኑ ፎቶ በራሱ ገጽ ለጠፈው፣ ዕቅዱንም ጻፈ። ኮሜንቱን አነበብኩት። "ማሻአላህ!" "ጀግና!" "ስድስት ባሌስትራ አርጋት፣ አይሱዙ ትሆናለች!" ከጻፉት ውስጥ ቢያንስ አሥሩ ያስተማርኳቸው ናቸው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ አይደለም፤ እናንተ ናችሁ።

እሺ። መኪና አላውቅም፤ ይህ እውነት ነው። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ጋ ሄድኩ። ከተማችን ውስጥ ከኔ ዕድሜ በላይ ለሚሆን ጊዜ መኪና ሥር ተኝቶ የኖረ አንድ አባት መካኒክ አለ። ጋራዡ ውስጥ አንዲት ሃይሉክስ ቆማ ነበር። ካርቶን አነጠፈልኝና "ግባ" አለኝ። ሸሚዜን ይዤ ገባሁ።

ከኋላው አክስል በላይ በጣቱ አንድ ቀጭን ዘንግ አሳየኝ። የዘንጓ አንድ ጫፍ አክስሉ ላይ፣ ሌላው ጫፍ ደግሞ ሻንሲው ላይ ካለች ትንሽ ቫልቭ ጋር ተያይዟል። ሥራዋ ይሄ ነው። መኪናዋ ባዶ ስትሆን አካሏ ከፍ ይላል፣ ዘንጓም ትወርዳለች፣ ቫልቯ ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት ትቀንሳለች። ለምን? የኋላው ባዶና ቀላል ስለሆነ ብዙ ፍሬን ከሰጠኸው ጎማው ቆልፎ መኪናዋ ትንሸራተታለች። ጭነት ሲኖር ግን አካሉ ይጫናል፣ ወደ አክስሉ ይጠጋል፣ ዘንጓ ትገፋለች፣ ቫልቯም "ጭነት አለ" ብላ ለኋላ ፍሬን ሙሉ ግፊት ትለቃለች።

ገባችሁ? መኪናዋ ጭነት መኖሩን የምታውቀው በሚዛን አይደለም። ስንት ጎነበስኩ ብላ ነው የምታውቀው።

አሁን ባሌስትራ ጨምሩባት። ሁለት ቶን ጭናችሁም አትጎነብስም። እናንተ ከውጭ ቆማችሁ "አየሃት? ምንም አላላትም!" ትላላችሁ። ያቺ ቫልቭ ደግሞ ከሥር ሆና "መኪናዋ ባዶ ናት" ትላለች፣ የኋላውን ፍሬንም ትቀንሳለች። ከመቼውም ይልቅ ፍሬን በሚያስፈልጋት ሰዓት ፍሬኗን ቀነስክባት ማለት ነው። ጭነት ጨምረህ፣ ጭነት የለም ብለህ ዋሸሃት።

አባት መካኒኩን "ይህን የሚያስተካክል የለም?" አልኩት። "አለ እንጂ። ዘንጓን በተነሳው ልክ ማስተካከል ነው። ግን ባሌስትራ አስጨምሮ ሲጨርስ 'ፍሬኑንም እይልኝ' ያለኝ ሰው ትንሽ ነው" አለኝ። አንዳንዱ ደግሞ ቫልቯ ካስቸገረች ጭራሽ እንድትወጣ ያዛል፣ የፍሬን ቱቦው በቀጥታ ይገናኛል። ያኔ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ መኪናዋ ባዶዋን በዝናብ ስትመለስ የኋላ ጎማ ቆልፎ ትዞራለች።

አሁን ወደምታገርና ወደማውቃት ፊዚክስ ልመለስ። 9ኛ ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍኩላችሁን አስታውሱ፦ የእንቅስቃሴ ጉልበት ማለት ግማሽ ሲባዛ በክብደት፣ ሲባዛ በፍጥነት፣ እንደገና ሲባዛ በፍጥነት። ፍጥነት ሁለት ጊዜ ነው የሚገባው። ፈተና ላይ የረሳችሁት እሱን ነበር፣ መንገድ ላይም የምትረሱት እሱኑ ነው።

ሃይሉክሷ ባዶዋን 1.5 ቶን ገደማ ናት እንበል። የተፈቀደላትን አንድ ቶን ጭና 2.5 ቶን ሆነች፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። የልጁን ዕቅድ ደግሞ እንይ። ሁለት ቶን ሲጭን 3.5 ቶን ይሆናል። ጫት ስለሆነ በ100 ይነዳል። ክብደቱ የጨመረው 40 በመቶ ነው፣ ፍጥነቱ የጨመረው 25 በመቶ ነው። ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ጉልበት ግን? 1.4 ሲባዛ በ1.25፣ እንደገና ሲባዛ በ1.25፤ ወደ 2.2 ይመጣል። ከእጥፍ በላይ! ፍሬኑ ግን ያው ፍሬን ነው። ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር፣ ያው ሸራ። ባሌስትራ አንድ ግራም ፍሬን አይጨምርም።

ይህ ሜዳ ላይ ነው። የኛ መንገድ ደግሞ ሜዳ አይደለም። ከገለምሶ በበዴሳ በኩል ወደ ጭሮ የሄደ፣ ከጭሮ ደግሞ ወደ ሚኤሶ የወረደ ሰው ያውቀዋል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጠህ ስትቆይ ያ ሁሉ ጉልበት የትም አይሄድም፣ ሙቀት ሆኖ ሸራውና ታምቡሩ ላይ ይቀራል። የፍሬን ዘይት ደግሞ እያደር ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዓመታት ሳይቀየር የኖረ ዘይት ሲግል ውስጡ ያለው ውሃ ይፈላና እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ስትጫነው ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል። "ፍሬን እምቢ አለኝ" የምትሉት ይሄንን ነው። እምቢ አላለም። ያልተሰጠውን ሥራ ነው የሰጣችሁት።

አንድ ሜትር የሚቀጠለው ካሶኒስ? ልጆች ሚዛን ሲጫወቱ አይታችሁ የለ? ከኋላ ጎማ ወደ ኋላ ባስረዘምክ ቁጥር እዚያ የምታስቀምጠው ጭነት የፊቱን ያነሳዋል። የፊት ጎማ ሲቀል መሪው ይቀላል፤ "ለስላሳ ሆነች" ትላላችሁ። ለስላሳ አልሆነችም፣ መሬቱን እየለቀቀች ነው። አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው ደግሞ የፊቱ ፍሬን ነው። ከላይ ፖርቶመጋላ ላይ የሚጫነው ደግሞ ክብደቱን ወደ ሰማይ ያወጣዋል፣ ኩርባ ላይ የመገልበጥ ጉዳይ ነው። ሻንሲ ላይ በየቦታው መበየድና መብሳትም ብረቱን ያደክመዋል። ስንጥቁ የሚጀምረው ብየዳው አጠገብ ነው፤ ቀለም ስለተቀባበት አይታይም።

"ቲቸር፣ ፈረንጅም እኮ ይሠራዋል" የሚል ኮሜንት እንደሚመጣ አውቃለሁ። አዎ፣ ሠርቶታል፣ ተምሮበታልም። አሜሪካ ውስጥ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በነሱ አቆጣጠር፣ ትንሿ ቶዮታ ፒክአፕ ላይ የመኝታ ቤት እየጫኑ ካምፐር ይሸጡ ነበር። አንደኛው ስሙ ዶልፊን ነው፤ የኛን ሚኒባስ ዶልፊን ማለቴ አይደለም። ቤቱ ሲከብድባቸው ከኋላ ድርብ ጎማ ገጠሙላት። ከውጭ ስታያት ትንሽ የጭነት መኪና መሰለች። ውስጥ ያለው አክስል ግን የቀላሏ ፒክአፕ አክስል ነበር። ጎማ ጨመሩ እንጂ ኩሽኔታውና አክስሉ ያው ነው። ምን ሆነ? አክስል መሰበር፣ ጎማ መውለቅ መጣ። ኋላ ላይ ጉዳዩ የመንግሥት የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤታቸው ድረስ ሄዶ አክስሉ በጠንካራ እንዲቀየር ተደረገ። አውስትራሊያ ውስጥ ዛሬም ሃይሉክስን ካምፐር የሚያደርግ ሰው ሞልቷል። የክብደት ልኳን ከፍ ላድርግ ያለ ሰው ግን የተፈተነ ዕቃ ተገጥሞላት፣ በባለሙያ ታይታ፣ ሰርተፍኬት ይዞ ነው። እኛ ከፈረንጅ የወሰድነው ፎቶውን ነው፤ ሰርተፍኬቱን እዚያው ትተነዋል።

አሁን ደግሞ "መምህሩ የሰው ሥራ ያናንቃል" እንዳትሉኝ። እኔ የሞዲፋይ ጠላት አይደለሁም። እኛ እኮ የጭነት አይሱዙ ሻንሲ ላይ በላሜራና በመዶሻ አውቶብስ አቁመን አገር ያመላለስን ሰዎች ነን። ቅጥቅጥ የሚለው ስም ራሱ ከመዶሻው ነው የመጣው። የኛ በያጅ እጅ ወርቅ ነው። ደግሞም አሮጌ መኪናን ማሻሻል አሁን ቅንጦት አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ እንደማይገቡ መንግሥት አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፣ የመለዋወጫም ዋጋ አብሮ ሄደ። ስለዚህ ያለችውን አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት እንነዳታለን። ስለዚህም ነው እንዴት እንደምናሻሽላት መነጋገር ያለብን። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ለምንድን ነው የምናሻሽለው ሁልጊዜ የምትሸከምበትን እንጂ የምትቆምበትን የማይሆነው?

መልሱን ታውቁታላችሁ። ባሌስትራ ይታያል፣ ፖርቶመጋላ ይታያል፣ ፎቶ ላይ ያምራል። አዲስ የፍሬን ዘይት ፎቶ አይነሳም። "ማሻአላህ፣ ሸራ ቀየርክ!" የሚል ኮሜንት አይቼ አላውቅም።

ሌላው መልስ ጫት ነው። በዚህ አልዋሽም፤ እኔም የምኖረው በዚሁ ገበያ ውስጥ ነው። ተማሪ ዩኒፎርም የሚገዛው በጫት ብር ነው። ጫት ግን ይጠወልጋል። ውስጡ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ከተቆረጠ በሁለት ቀን ውስጥ አብዛኛው ይሄዳል። ስለዚህ ነጋዴው የሚከፍለው ለኪሎ ብቻ አይደለም፣ ለሰዓት ነው። የዘገየ ሹፌር ነገ አይጠራም። አንድ ነጋዴ ሁለት ቶን በአንድ ቶን መኪና ላይ ጭኖ "በረራ!" ሲል፣ ትርፉን እሱ ይወስዳል፣ ቁልቁለቱን ለ22 ዓመት ልጅ ይሰጠዋል። ይህን በግልጽ የሚለው ሰው ስለሌለ እኔ ልበለው።

ከሁለት ዓመት በፊት ከክፍሌ አንድ ልጅ ሞተ። ትምህርት አቋርጦ የፒክአፕ ረዳት ሆኖ ነበር። "ቲቸር፣ ሁለተኛ ሴሚስተር እመለሳለሁ" ብሎኝ ነው የሄደው። ባሌስትራ የተጨመረባት መኪና ነበረች፣ እሱ ከጭነቱ ላይ ነበር የተቀመጠው፣ ወደ ሚኤሶ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ሰው ሁሉ "ቀኑ ደርሶ ነው" ይላል። እኔም አንገቴን ደፍቼ "ቀኑ ደርሶ ነው" አልኩ። ለእናት በዚያ ሰዓት ሌላ ምን ይባላል? ግን ወጥቼ ስሄድ አፈርኩ። ያቺን መኪና አውቃታለሁ። ከበዴሳ ተሳፍሬባት መጥቻለሁ፣ ጋቢና ተቀምጬ "አቦ፣ አንበሳ ናት!" ብያለሁ። ሹፌሩ የሰማው ያንን ነው። ዛሬ "ጀግና" ብላችሁ ኮሜንት የጻፋችሁትን የምቆጣው፣ መጀመሪያ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ነው።

በቀደር አምናለሁ። ግን ግመሉን ሳያስር "በአላህ ተማምኛለሁ" ያለውን ሰውዬም ታውቁታላችሁ። ዘንጓን አስተካክል፣ ዘይቱን ቀይር፣ ከዚያ ተወከል።

"ቦሎ ለጥፋለች እኮ" የሚልም አለ። ቦሎ በዚያ ቀን እንደታየች ይናገራል። ከዚያ በኋላ ማታ የተጨመረውን ባሌስትራ አይናገርም። ሊብሬህን አውጣና የጭነት ልኳ ስንት ነው እንደሚል አንብበው። ከዚያ በላይ የጫንከው ሁሉ በራስህ ስም ነው።

አሁን ለልጁ ልመለስ። "ታዲያ ዕቁቡን በምን ልክፈል?" ብለህ ጽፈህልኛል፣ ጥያቄህ እውነት ነው። በምክር ብቻ ዕዳ አይከፈልም። ስለዚህ በሒሳብ እናውራ።

አንተ የገዛኸው አይሱዙ አይደለም። አይሱዙ የሚሸከመውን ልሸከም ብለህ ከአይሱዙ ጋር ብትወዳደር ሁልጊዜ ትሸነፋለህ። እሱ በአንድ ጉዞ ከአንተ እጥፍ በላይ ይጭናል፣ ፍሬኑም ለዚያ የተሠራ ነው። የአንተዋ ሀብት ሌላ ነው፤ አይሱዙ የማይገባበት ትገባለች። ክረምት ላይ ከመቻራና ከቦኬ ወዲያ ባሉት ቀበሌዎች ጭቃው ሲጀምር ማን ይገባል? ፎር ዊል ነው የሚገባው፣ እሱም ቀላል ከሆነች። ሦስት ባሌስትራና ሁለት ቶን ስትጨምርባት ያንን ነው የምትገድለው፤ ጭቃ ላይ እንደ አህያ ትተኛለች። ቡናውን፣ መድኃኒቱን፣ የሱቅ ዕቃውን አንድ ቶን አንድ ቶን አርገህ ማንም በማይደርስበት አድርስ። ለዚያ ቦታ የሚከፈለው የትራንስፖርት ዋጋ ዋናው መንገድ ላይ እንደሚከፈለው አይደለም። ይህ አያዋጣኝም ካልክ ደግሞ ቤቷን ሳትቆርጥ ለሚፈልጋት ሸጠህ የጭነት መኪና ግዛ። ከቆረጥካት በኋላ ግን ካምፐርም አይደለችም፣ አይሱዙም አትሆንም።

ያቺ ቤትም ዝም ብላ ቆርቆሮ አይደለችም። አልጋ አላት። ገጠር ምጥ የያዛት ሴት በባዶ ፒክአፕ ፍራሽ ላይ ተኝታ፣ ፀሐይና ዝናብ እየመታት ወደ ገለምሶ ሆስፒታል ስትመጣ ሁላችንም አይተናል። አንቡላንስ ሁን አላልኩህም። ግን ጣራና አልጋ ያላት ፎር ዊል ሰው ይፈልጋታል፣ አስብበት።

ሞዲፋይ ማድረግህ ካልቀረ ደግሞ ተራው ይህ ይሁን፦

መጀመሪያ ፍሬን። ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፣ ቱቦው ይታይ፣ ሸራና ታምቡር ይለካ። ቀጥሎ ጎማ፤ ጎኑ ላይ የተጻፈውን የክብደት ልክና የተመረተበትን ዓመት አንብብ፣ ጥርስ አለው ብለህ አትመን። ከዚያ መሪና ኩሽኔታ። ከዚያ መብራት፤ ከኋላ ሲከብድባት የፊት መብራቷ ወደ ሰማይ ያበራል፣ የሚመጣውን ሹፌር ያሳውረዋል። የደከመ ባሌስትራ ካለ በመጨረሻ በልኩ ይቀየር። ይቀየር ነው ያልኩት፣ ይጨመር አላልኩም። ቁመቷ በአንድ ጣት እንኳ ከተነሳ ያቺ ዘንግ በዚያው ቀን ትስተካከል። ቁልቁለት ላይ በከባድ ማርሽ ውረድ፤ በፍሬን ብቻ አትውረድ። ከጭነት ላይ ሰው አታስቀምጥ፤ ረዳትህ የሆነ ሰው ልጅ ነው።

ለቀሪዎቻችሁ ደግሞ የቤት ሥራ አለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ጓደኛችሁ መኪናውን ከፍ አድርጎ ፎቶ ሲለጥፍ "ማሻአላህ" በሉት፣ ደስታውን አትንፈጉት። ከሥሩ ግን አንድ ጥያቄ ጻፉለት፦ "ፍሬኑንስ ምን አደረግክ?" አንድ ሰው ቢጠይቀው ይስቃል። ሃያ ሰው ከጠየቀው ጋራዥ ይሄዳል።

"የዲፕሎማ መምህር ስለ መኪና ምን አገባው" የምትሉትን ደግሞ ገና ካሁኑ እየሰማኋችሁ ነው። ይግባኛል። የስም መጥሪያ መዝገቡ በኔ እጅ ነው። በዚያ መዝገብ ላይ የአንድ ልጅ ስም በቀይ እስክርቢቶ ሰርዣለሁ፣ ሁለተኛ መሰረዝ አልፈልግም።

አንተ ልጅ፣ ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን ይዘህ ና። ቤቷን ሳትቆርጣት። አባት መካኒኩን አናግሬዋለሁ፣ ካርቶኑን አንጥፎ ይጠብቀናል። ለፍሬን ዘይቱ እኔ እከፍላለሁ።